ስለ ጐረቤት ዛፍና ስለ መልካም ጉርብትና

ሰው በያዘው ቦታ ላይ ቤቱን ሠርቶ፥ አጥሩን አጥሮ፥ በሩን ዘግቶ ለመኖር ይችላል። ነገር ግን አጥር የሚከለክለው ሰውንና ከብትን ነው እንጂ ዛፍን አይደለም። ዛፍ የወሰን ድንጋይ አያውቅም፤ ቅርንጫፉ በግንቡ ላይ አልፎ የጐረቤትን ቆርቆሮ ይጋርዳል፤ ሥሩም በግንቡ ሥር አልፎ ከጐረቤት ቤት መሠረት ይደርሳል። ስለዚህ አንድ የቤተ ሰብ አባት ለጥላና ለነፋስ መከላከያ ብሎ በመልካም አሳብ የተከለው ችግኝ፥ ሃያ ዓመት ከቈየ በኋላ በሁለት ቤተ ሰብ መካከል የክርክር ምክንያት ሆኖ ይገኛል። ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት ያሰብነው፥ የጐረቤት ዛፍ ንብረታችንን ሲጐዳ ምን ማድረግ እንደሚገባን፥ ዛፉም የእኛው የሆነ እንደ ሆነ ምን ዓይነት ግዴታ እንዳለብን ነው።

ይህ ነገር ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ አጠገብ የምንውል ሰዎች እንደምናየው፥ በጐረቤታሞች መካከል የሚነሣ ክስ ከትልቅ ነገር የሚጀምር ጥቂት ነው። በማመልከቻው ላይ የሚነበበው የግንብ ማሠሪያና የቆርቆሮ መለወጫ ዋጋ ነው፤ ባለ ጉዳዮቹ ቆመው ሲናገሩ ግን የሚሰማው ሌላ ነው። አንደኛው «ደጋግሜ ብነግረው ናቀኝ» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «አንድ ቀን እንኳ ሳይነግረኝ መጥሪያ ላከብኝ» ይላል። የግንቡ ዋጋ በፍርድ ይከፈል ይሆናል፤ ይህ ቅሬታ ግን በፍርድ አይከፈልም። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ዋና አሳብ፥ የዛፍ ጕዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለ ሆነ ቃል ከጕዳቱ ቀድሞ መድረስ ይገባዋል የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዛፉ ውለታ ጥቂት እንናገር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. ከተቈረቈረች በኋላ ብዙ ዘመን ሳይቈይ፥ በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው ጽድና ሌላው አገር በቀል ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። ማገዶም ከሩቅ የሚመጣ ሆነና፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዪቱን ከመፈታት ካዳኗት ነገሮች አንዱና ዋናው በዚያው ዘመን ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፥ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስለ ሆነ ሕዝቡ ይህን ስም አወጣለት። በጥቂት ዓመታት ከቤት ጣራ በላይ ያድጋል፤ ቢቈረጥም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ስለዚህ መኳንንቱም ሕዝቡም በየግቢያቸው ተከሉት።

ነገር ግን ያው ባለ ውለታ ዛፍ ገና በዚያ ዘመን አቤቱታ አስነሥቶ ነበር። ምንጩንና የጕድጓዱን ውሃ ያደርቃል ተብሎ ስለ ታማ፥ በ1905 ዓ. ም. ገደማ አብዛኛው ተነቅሎ በፈንታው ሌላ ዛፍ እንዲተከል መንግሥት ትእዛዝ ማውጣቱን፥ ሕዝቡ ግን ትእዛዙን ሳይፈጽመው መቅረቱን የታሪክ ጸሓፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። ከዚህ የምንማረው፥ አንድ ዛፍ ለባለቤቱ ጥቅም፥ ለጐረቤቱ ጕዳት በአንድ ጊዜ ሊሆን መቻሉን ነው። ይህንንም ለከተማው ሁሉ በአንድ ቃል መቍረጥ ስለማይቻል፥ ነገሩ የሚያልቀው በእያንዳንዱ አጥር ላይ በሁለት ጐረቤታሞች ምክር ነው።

አሁን ወደ ምሥራቁ የከተማችን ክፍል እንለፍ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓ. ም. ከመሠራቱ በፊት ቦሌና አካባቢው እርሻና የከብት ግጦሽ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ግን ከተማው ወደ ገርጂ፥ ወደ ጉርድ ሾላ፥ ወደ ሲ ኤም ሲ፥ ወደ ሰሚትና ወደ አያት እየሰፋ ሄደ። ጉርድ ሾላ የሚለው ስም ራሱ የተጐረደ የሾላ ዛፍን የሚያስታውስ ስለ ሆነ፥ በዚያ አገር ዛፍና መጥረቢያ የቈየ ትውውቅ እንዳላቸው ቃሉ ይመሰክራል። በነዚህ ሰፈሮች ሰው ግንቡን ከፍ አድርጎ ሠርቶ፥ በግንቡ ጥግ ደግሞ ጽድ፥ ግራቪልያ፥ ባሕር ዛፍ፥ ዘንባባ ወይም አቮካዶ ተክሎ ይኖራል። ቦታው ጠባብ ስለ ሆነም በአንዱ ግቢ ጥግ የቆመው ዛፍ በእውነቱ በሁለት ግቢ መካከል የቆመ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ አገር አፈር ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው። በቦሌና በምሥራቁ ሰፈሮች ብዙው መሬት ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቍር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አንባቢዎቻችን በመጋቢትና በሚያዝያ በባዶ ሜዳ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያዩ ይሆናል። እንግዲህ በቤት መሠረት አጠገብ ትልቅ ዛፍ ያለ እንደ ሆነ፥ በበጋው ወራት ሥሩ የቀረውን እርጥበት ከአፈሩ ስለሚመጥጥ፥ መሬቱ በዚያ በኩል ከሌላው ይልቅ ይሸሻል፤ መሠረቱም በአንድ ወገን ዝቅ ይላል። በዚህም ጊዜ በመስኮትና በበር ማዕዘን ላይ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ይታያል። ክረምት ሲገባ ስንጥቁ ጥቂት ይጠብባል፤ በበጋ እንደ ገና ይሰፋል። ሰውም ግድግዳውን በየዓመቱ በስሚንቶ እየደፈነ፥ ሕመሙን ትቶ ቍስሉን ብቻ ሲሸፍን ይኖራል።

ከላይ በኩል የሚመጣው ጕዳት ለዓይን ቀላል ነው። ቅጠሉና ቅርፊቱ በአሸንዳው ውስጥ ይከማቻል፤ በሰኔ ዝናሙ ሲበረታ ውሃው መውጫ አጥቶ በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ከቆርቆሮውም በታች ገብቶ ኮርኒሱን ያበላሻል። እርጥብ ቅጠል ተከምሮ በቈየበት ስፍራ ቆርቆሮው ቶሎ ይዝጋል። ነፋስ በሚበረታበት ወራት ደግሞ የደረቀ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ጣራ ይበሳል፤ ወይም በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ይወድቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ያለበት ስለ ሆነ፥ ደርቆ ከወጥ ቤት አጠገብ የተከማቸ እንደ ሆነ ለእሳት አደጋ ምክንያት ይሆናል።

ይሁን እንጂ ፍርድ ከእውነት ጋር እንዲሄድ፥ በቤታችን የታየውን ስንጥቅ ሁሉ በጐረቤት ዛፍ ማሳበብ አይገባም። መሠረቱ በሚገባ ሳይጠልቅ የተሠራ ቤት በዋልካ አፈር ላይ ዛፍ ባይኖርም ይሰነጠቃል። እንደዚሁም የዛፍ ሥር ደኅና የሆነውን የውሃ ቧንቧ ወግቶ የሚገባው ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ሥር የሚከተለው እርጥበትን ስለ ሆነ የሚገባው አስቀድሞ በሚያፈሰው መጋጠሚያ በኩል ነው። ስለዚህ የፍሳሽ ቧንቧው በሥር የተዘጋበት ሰው ከመክሰሱ በፊት የራሱን ቧንቧ ማስመርመር አለበት። ይህን ሳያደርግ ወደ ጐረቤቱ በር ሄዶ የጮኸ ሰው፥ ባለሙያ መጥቶ እውነቱን ሲናገር ኀፍረት ይደርስበታል።

የጐረቤት ዛፍ ነገር ዓለም ሁሉ የተቸገረበት ስለ ሆነ፥ ሌሎች ሕዝቦች እንዴት እንደ ፈረዱ ማወቅ ይጠቅማል። በጥንታዊት ሮም በ12ቱ ሰሌዳዎች ሕግ ውስጥ እንኳ ወደ ጐረቤት መሬት ስላዘነበለ ዛፍ ተጽፎ ነበር። እ. ኤ. አ. በ1804 በወጣው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ቅርንጫፍ የተሻገረበት ሰው ባለ ዛፉ እንዲቈርጥ ያስገድደዋል እንጂ ራሱ አይቈርጥም፤ ወደ መሬቱ የገባውን ሥር ግን እስከ ወሰኑ ድረስ ራሱ ሊቈርጥ ይችላል። ልዩ የአገር ደንብና ልማድ ከሌለም፥ ቁመቱ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ዛፍ ከወሰን 2 ሜትር ርቆ እንዲተከል፥ ሌላው ግን ግማሽ ሜትር እንዲርቅ ያው ሕግ ያዝዛል። የጀርመን ሕግ ደግሞ ለባለ ዛፉ አስቀድሞ የተወሰነ ጊዜ ሰጥቶ፥ ጊዜው ካለፈ ጐረቤቱ ቅርንጫፉን እንዲቈርጥ ይፈቅዳል። በእንግሊዝ አገር ጐረቤት የተሻገረውን ቅርንጫፍ እስከ ወሰኑ ሊቈርጥ ይችላል፤ ነገር ግን እ. ኤ. አ. በ1919 በታየ አንድ ክርክር፥ የተሻገረውን የፖም ዛፍ ቅርንጫፍ ቈርጦ ፍሬውን የሸጠው ሰው ዋጋውን እንዲከፍል ተፈርዶበታል። ቅርንጫፉን ማስወገድ አንድ ነገር፥ ፍሬውን መውሰድ ሌላ ነገር ነው ተብሏልና።

የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ. ም. ታውጆ ከ1953 ዓ. ም. መስከረም 1 ቀን ጀምሮ የጸና ሲሆን፥ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። በዚህ ሕግ በ1225ኛው ቍጥር፥ ባለ ንብረት በንብረቱ ሲሠራ ጐረቤቱን ማወክና መጕዳት እንደማይገባው ተጽፏል፤ የመልካም ጉርብትና ልክ ሲመዘንም የአገር ልማድና የቦታው ሁኔታ እንዲታይ ያዝዛል። በ2028ኛው ቍጥር ደግሞ ማንም ሰው በጥፋቱ በሌላው ላይ ጕዳት ያደረሰ እንደ ሆነ መካስ እንዳለበት ተደንግጓል። እንግዲህ ዛፉ እንደ ደረቀና እንደ ተጋደመ በግልጽ ተነግሮት ቸል ያለ ሰው፥ ዛፉ ወድቆ የጐረቤቱን ጣራ ቢሰብር፥ «የእግዚአብሔር ነፋስ ነው የጣለው» ብሎ ብቻ ነጻ መውጣት ይከብደዋል።

ሕጉ ለተጐዳውም ወገን ሁለት ማስጠንቀቂያ አለው። አንደኛው የጊዜ ነው። በ2143ኛው ቍጥር እንደ ተጻፈው፥ የጕዳት ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጕዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ሁለተኛው የማስረጃ ነው። ጕዳቱ መድረሱንና ልኩን ማስረዳት የተጐዳው ፈንታ ነው፤ ራሱም በጥፋቱ ለጕዳቱ ያገዘ እንደ ሆነ ካሣው ይቀነስበታል። አሸንዳውን አምስት ዓመት ሙሉ ያላስጠረገ ሰው ግድግዳው በሰበሰ ብሎ ሙሉ ዋጋ ቢጠይቅ፥ ይህ ነገር ይነሣበታል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሰው ጠባይ ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ይሉኝታ ይይዘናል። «ለአንድ ቅርንጫፍ ብዬ እኚህን ሽማግሌ እንዴት አስቀይማለሁ» እያልን ዝም እንላለን፤ ዝምታውም እንደ ትሕትና ይቈጠራል። ነገር ግን በልብ የተያዘው ነገር በየክረምቱ ከአሸንዳው ውሃ ጋር ይጨምራል፤ በመጨረሻም አንድ ቀን በቍጣ ይፈነዳል። በዚያን ጊዜ የክሱ ዘመን አልፎ ይሆናል፤ ወዳጅነቱም ጠፍቶ ይሆናል። እንዲህ ያለው ይሉኝታ መብትንም ጐረቤትንም በአንድ ላይ የሚያሳጣ ስለ ሆነ፥ ትሕትና ሊባል አይገባውም።

ሌላም መታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የዛፍ ጕዳት የሚታየው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ባለ ዛፉ በግቢው ሆኖ ሲያይ የሚታየው ግንዱ፥ ጥላውና ወፎቹ ናቸው፤ የተደፈነው አሸንዳና የተሰነጠቀው ግድግዳ ከግንቡ ወዲያ ስለ ሆነ አያየውም። ስለዚህ ያልተነገረውን ሰው ክፉ ነው ማለት ግፍ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ጐረቤትን ወደ ቤት ጠርቶ በዓይኑ እንዲያይ ማድረግ ነው።

ለምሳሌ አንድ ወጣት ባለ ትዳር በዕድሜ ለሚበልጡት ለጐረቤቱ ባልቴት እንዲህ ቢላቸው መልካም ነው። «እትዬ፥ እንደምን ሰነበቱ? የዛፍዎ ጥላ ለእኛም ደርሶናል፤ ነገር ግን ቅጠሉ አሸንዳውን እየደፈነ ውሃው በግድግዳው ላይ መውረድ ጀምሯል። እባክዎ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ብቅ ብለው ይዩልኝና እንዴት እንደምናደርግ አብረን እንምከር።» እሳቸውም ምናልባት «ልጄ፥ እኔ መች አየሁት፤ ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ ግንዱ ብቻ ነው፤ ባለቤቴ የተከለው ነውና ከሥሩ አትቍረጡብኝ እንጂ ቅርንጫፉንስ ቍረጡት» ይሉ ይሆናል። አንባቢ ያስተውል፤ ዛፉ ለአንዱ የሚያስቸግር ቅጠል ሲሆን ለሌላው የሞተ ባል መታሰቢያ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ በጠበቃ ደብዳቤ መጀመር ነገሩን ሁሉ ያበላሻል።

ንግግሩ በመልካም ካለቀ በኋላ ስምምነቱን በአጭር ጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባል። ጽሑፍ አለመተማመንን አያመለክትም፤ የሰው ልብ የሚረሳውን ወረቀት ስለሚያስታውስ ነው። በጽሑፉም ላይ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቈረጥ፥ በየትኛው ወር እንደሚቈረጥ፥ የሠራተኛውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል፥ እንጨቱንስ ማን እንደሚወስድ ይጻፍ። ዋጋውን እኩል መካፈል ብዙ ጊዜ ሰላም ያመጣል። የመቍረጡም ሥራ በበጋው ወራት፥ ልምድ ባለው ሠራተኛና በገመድ መፈጸም አለበት፤ የግቢ ዘበኛን በመሰላል አውጥቶ ማስቈረጥ ነፍስ የሚያስጠፋ ነገር ነው። ዛፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ እንደ ሆነ ማንም እጁን ሳያነሣ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክት።

ባለ ዛፉ በቃል ተነግሮት ያልሰማ እንደ ሆነ በደብዳቤ መንገር ይገባል። ደብዳቤውም ዘለፋ የሌለበት፥ ቀን የተጻፈበት፥ ግልባጩ በእጅ የሚቀር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል። «ለተከበሩ ጐረቤቴ። በግቢዎ በስተ ምሥራቅ ያለው ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉ በጣራዬ ላይ ስላረፈ ቆርቆሮውን እየጐዳው ነው። ከዚህ በፊት በቃል እንደ ነገርኩዎ፥ እስከሚመጣው ወር መጨረሻ ድረስ እንዲያስቈርጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ለሥራው ዋጋ ድርሻዬን ለመክፈል ዝግጁ ነኝ።» ከዚህ ጋር የጕዳቱን ፎቶግራፍ ከነቀኑ ማስቀመጥ፥ ስንጥቁንም በየወሩ መለካትና መጻፍ፥ መሐንዲስ ጠርቶ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስመስከር ይገባል።

ደብዳቤውም ካልሠራ ሽማግሌ ማስገባት ነው። በዚህ በምሥራቁ ሰፈር ሰው በከፍተኛ ግንብ ተከልሎ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ጐረቤቱን የሚያውቀው በመኪናው ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ የዕድሩ ዳኛ ሁለቱንም ወገን ያውቃል፤ በኀዘን ጊዜ ድንኳን የተከለ ሰው በአጥር ላይ ለሚነሣ ጠብም ቃሉ ይሰማል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖር ሰው ደግሞ፥ ዛፉ በጋራው ግቢ ላይ የተተከለ እንደ ሆነ አቤቱታውን የሚያቀርበው በ1995 ዓ. ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ መሠረት ለተቋቋመው ለቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው እንጂ ለአንዱ ጐረቤት አይደለም። ዛፉ በመንገድ ዳር ከሆነም ጉዳዩ የከተማው አስተዳደር ነው።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር የፍርድ ቤት በር ክፍት ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ግን የዳኝነት ክፍያ እንዳለ፥ ጠበቃም ዋጋ እንደሚጠይቅ፥ ቀጠሮም እንደሚመላለስ አስቀድሞ ያስብ። በመዝገብ ላይ ከቀረበም በኋላ ቢሆን የዕርቅ በር አይዘጋም። በ1958 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪዎች በማናቸውም ጊዜ ነገራቸውን በስምምነት እንዲጨርሱ ይፈቅዳል። በ2013 ዓ. ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቍጥር 1234ም በፍርድ ቤቱ ሥር በአስማሚ የሚታይበትን ሥርዓት አቁሟል። የጐረቤት ዛፍ ነገር ለዚህ ሥርዓት እጅግ የሚስማማ ይመስለናል፤ ተከራካሪዎቹ ከፍርዱ በኋላ የሚመለሱት ወደዚያው ግንብ ነውና።

ፈጽሞ መደረግ የሌለበትንም እንናገር። በሌሊት ወደ ጐረቤት ግቢ ገብቶ መቍረጥ፥ በግንዱ ላይ መርዝ ወይም ጨው ማፍሰስ፥ ቅርፊቱን ዙሪያውን ልጦ ማድረቅ፥ እነዚህ ሁሉ ተበዳዩን በዳይ ያደርጉታል። በራስ ግቢ ውስጥ ቆሞ ትልቁን ሥር ያለ ባለሙያ ምክር መቍረጥም አደገኛ ነው፤ ዛፉ በአንድ ወገን መያዣ አጥቶ በሚቀጥለው ነፋስ የወደቀ እንደ ሆነ ጥፋቱ የቈራጩ ይሆናልና። ከዚህም በላይ በዋልካ አፈር ላይ የቈየን ትልቅ ዛፍ በአንድ ጊዜ ከሥሩ መቍረጥ ሌላ ጕዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ሲመጠጥ የኖረው አፈር ውሃውን መልሶ ሲይዝ አብጦ መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጫፉንና ጐኑን በየጊዜው መመልመል ከሥሩ ከመጣል ይሻላል። ከሥሩ መቈረጥ የግድ የሆነ እንደ ሆነም አስቀድሞ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ለባለ ዛፎችም አንድ ቃል እንጨምራለን። በ1987 ዓ. ም. በጸናው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው በመሬቱ ላይ በጕልበቱና በገንዘቡ ባፈራው ላይ ግን መብት አለው። መብት ባለበት ደግሞ ኀላፊነት አለ። ዛፍ ተክሎ ከዚያ በኋላ አለማየት ውሻ አሳድጎ አለማሰር ነው። ስለዚህ ባለ ዛፍ በዓመት አንድ ጊዜ፥ ከክረምት በፊት፥ የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳለ፥ ግንዱም እንዳዘነበለ ይመርምር፤ ጐረቤቱንም «ዛፌ አስቸግሮዎት ይሆን?» ብሎ ቀድሞ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ምንም የማያስወጣ ሲሆን ብዙ ክስ ያስቀራል።

ከ2011 ዓ. ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስም በአገሩ ሁሉ ችግኝ ሲተከል ቈይቷል፤ መትከሉ መልካም ነው፤ ቦታን መምረጥ ግን የመትከል እኩሌታ ነው። በጠባብ ግቢ ውስጥ በግንብ ጥግ ባሕር ዛፍና ግራቪልያ መትከል ለልጅ ልጅ ጠብ ማውረስ ነው። እንዲህ ያለው ረጅም ዛፍ ከቤትና ከወሰን በብዙ ሜትር መራቅ አለበት። በግንቡ አጠገብ ግን ጌሾ፥ ሎሚ፥ ኮክና ጽጌረዳ ቢተከሉ ለቤቱም ጌጥ ይሆናሉ፤ ለጐረቤትም አያስቸግሩም። አቮካዶም ቢሆን ሲያድግ ትልቅ ዛፍ መሆኑን የሚተክለው ሰው አስቀድሞ ይወቅ።

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ያሉት፥ በሌሊት እሳት ቢነሣ ወይም ሕመም ቢመጣ ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ መሆኑን አይተው ነው። ግንብ በሦስት ሳምንት ይሠራል፤ ቆርቆሮም በአንድ ቀን ይለወጣል፤ በአንድ አጥር የሚዋሰን ሰው ግን በገበያ አይገኝም። ስለዚህ በዚህ ዓመት ክረምት ከመግባቱ በፊት አንባቢዎቻችን ወጥተው ሁለት ነገር እንዲያዩ እንለምናለን፤ አንደኛ ከጐረቤት ወደ እኛ የተሻገረውን ቅርንጫፍ፥ ሁለተኛ ከእኛ ወደ ጐረቤት የተሻገረውን። የመጀመሪያውን ሳይቈዩ በትሕትና ይንገሩ፤ ሁለተኛውን ሳይነገራቸው ያስቈርጡ።